ዋናው በመደርደሪያ፥ ምስሉ በሩቅ አገር
የሰነድ ቅጂ ጉዞ ከብራና እስከ ሩቁ ኮምፒዩተር

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ዐሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው የገፈርሳን ግድብ ያገኛል። ውኃው የሚጠራቀመው ገፈርሳ ላይ ነው፤ የሚጠጣው ግን አዲስ አበባ ላይ ነው። በመነሻውና በመድረሻው መካከል የሚከናወነው ሥራ፥ ይኸውም ማጣራቱ፥ መለካቱና ቧንቧውን መጠበቁ ባይኖር ኖሮ፥ ግድቡ ሞልቶ ሳለ ከተማው በተጠማ ነበር።

የዛሬው መዝገብ ቤትም በዚሁ ሁኔታ ላይ ይገኛል። ወረቀቱ በአንድ ስፍራ፥ ኮምፒዩተሩ በሌላ ስፍራ፥ አንባቢው ደግሞ በሦስተኛ ስፍራ ሆኗል። በቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ያለ ሠራተኛ ሰነዱን ስካን አድርጎ በዋናው መሥሪያ ቤት ወደሚገኝ ኮምፒዩተር ማስገባት የዕለት ተዕለት ተግባሩ እየሆነ መጥቷል። ብዙዎቻችንም ይህን ፍጹም አዲስ ነገር አድርገን ስለምንመለከተው፥ ችግር ባጋጠመን ቁጥር ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ እንጥላለን።

ይሁን እንጂ የሰነድን ቅጂ ወደ ሩቅ ስፍራ መላክ በአገራችን ረዥም ታሪክ ያለው ጉዳይ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን ታሪክ በየደረጃው ከተመለከትን በኋላ፥ በገፈርሳ አካባቢ ካጋጠመን አንድ ጉዳይ ጋር ለማገናዘብ እንሞክራለን። ዓላማችንም ቅጂው ለአንባቢ መጥቀም አለመጥቀሙን የወሰነው መሣሪያው ሳይሆን ሌላ ነገር መሆኑን ማሳየት ነው። ዓ.ም ተብለው ከተመለከቱት በቀር የዘመን ቁጥሮቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩. ዋናው መጽሐፍ ሲሄድ

ከካሜራ በፊት አንድን መጽሐፍ በሩቅ አገር ለማስነበብ ሁለት መንገዶች ብቻ ነበሩ። አንደኛው በእጅ ማስገልበጥ፥ ሁለተኛው ዋናውን መጽሐፍ ይዞ መሄድ ነው።

ለመጀመሪያው መንገድ የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ብሩስ ጎንደርን ጎብኝቶ በ1773 ወደ አውሮፓ ሲመለስ የመጽሐፈ ሄኖክን የግእዝ ቅጂዎች ይዞ ነበር። ይህ መጽሐፍ በምሉዕነት ተጠብቆ የተገኘው በግእዝ ብቻ ስለሆነ፥ ቅጂው ለአውሮፓ ሊቃውንት እንግዳ ነገር ሆነባቸው። ከቅጂዎቹ አንዱ ወደ ፓሪስ፥ ሌላው ወደ ኦክስፎርድ ገባ። ሆኖም ሪቻርድ ሎረንስ የኦክስፎርዱን ቅጂ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ ያሳተመው በ1821 ነው። ቅጂው ከደረሰ በኋላ ሥራ ላይ እስኪውል ድረስ ወደ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አልፏል ማለት ነው። የቋንቋውና የይዘቱ ዐዋቂ በሌለበት ስፍራ የደረሰ ሰነድ፥ ደርሷል ለማለት የሚያስቸግር ነው።

ሁለተኛው መንገድ በመቅደላ የታየው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ላቋቋሙት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከየስፍራው አያሌ መጻሕፍት ሰብስበው ነበር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ምሽጉን ሲዘርፍ፥ የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ የነበረው ሪቻርድ ሆምስ ከጦሩ ጋር ነበረና፥ ወደ ሦስት መቶ ሃምሳ የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት በመጨረሻ ወደዚያው ሙዚየም ገቡ። ዊልያም ራይት የተባለው ሊቅ ደግሞ በ1877 የሙዚየሙን የግእዝ መጻሕፍት ዝርዝር አሳተመ።

እዚህ ላይ አንድ መራራ እውነት አለ። ራይት ያዘጋጀው ካታሎግ የሥራው ጥራት የሚመሰገን ነው፤ በለንደን የተቀመጠ ተመራማሪም መጻሕፍቱን በቁጥራቸው ጠርቶ ለማንበብ ቻለ። በአንጻሩ የመጻሕፍቱ ባለቤት ለሆነው አገር በእጁ ቅጂ እንኳ አልቀረለትም። ዐፄ ዮሐንስ በ1872 ወደ እንግሊዝ በጻፉት ደብዳቤ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ሲጠይቁ፥ ያለዚያ መጽሐፍ ሕዝቡ ትእዛዛቸውን እንደማይቀበል ገልጸዋል። መጽሐፉ ተመለሰላቸው። ንጉሡ የጠየቁት ለጌጥ የሚሆን ዕቃ ሳይሆን የመንግሥት ማስረጃ መሆኑን ልብ ይሏል። በአገራችን ልማድ የርስትና የጉልት ውል በወንጌሉ ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ እንደነበረ የሚያውቅ የሙያ ባልደረባ፥ አንድ ወንጌል ከደብሩ ሲወጣ የደብሩ መዝገብ ቤት አብሮ መውጣቱን ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል።

፪. ጥላው ብቻ ሲሄድ

የፎቶግራፍ ጥበብ ይህን አስጨናቂ ምርጫ አስቀረው። ዋናው ከስፍራው ሳይነሣ ምስሉን ብቻ መላክ ተቻለ። ይህ ጥበብ ገና በጠዋቱ ፈተና የገጠመው ፓሪስ በፕሩሲያ ጦር በተከበበችበት በ1870 እና በ1871 ነው። ሬኔ ዳግሮን የተባለው ፈረንሳዊ ፎቶግራፍ አንሺ ደብዳቤዎችን እጅግ አሳንሶ በስስ ፊልም ላይ እያነሣ በመልእክተኛ ርግቦች ወደ ከተማው አስገባ። በፓሪስ የነበሩት ጸሐፊዎች ምስሉን በፋኖስ ብርሃን አጉልተው ግድግዳ ላይ እያሳዩ ለየባለቤቱ ይገለብጡት ነበር። እንግዲህ በዚያን ጊዜም ቢሆን ከርግቧ ክንፍ ሌላ በመድረሻው ላይ የተቀመጠ ጸሐፊ ማስፈለጉን እናስተውል።

ማይክሮፊልም በኢትዮጵያ ሰፋ ባለ ዕቅድ ሥራ ላይ የዋለው በሃያኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ነው። የዩኔስኮ ተንቀሳቃሽ የማይክሮፊልም ክፍል በአዲስ አበባና በጎጃም የብራና መጻሕፍትን ያነሣ ሲሆን፥ የተነሡት መጻሕፍት ካታሎግ በ1970 በአዲስ አበባ ታትሟል። ከሁሉም የላቀው ሥራ ግን በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት ሥራ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፥ በአሜሪካ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት በኮሌጅቪል የሚገኘው የሂል ገዳማዊ የእጅ ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍት ተባብረው ያከናወኑት ሲሆን፥ በአገር ቤት የመሩት የታሪክ ሊቁ ዶክተር ሥርግው ሀብለ ሥላሴ ነበሩ። የተነሡት መጻሕፍት ቁጥር ከዘጠኝ ሺህ በላይ ደርሷል።

ይህ ሥራ ለሙያችን አርኣያ የሚሆንባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፥ ዋናዎቹ መጻሕፍት ለየደብሩና ለየባለቤቱ ቀሩ። ሁለተኛ፥ ቅጂው ወደ ኮሌጅቪል ሲላክ በአዲስ አበባም እንዲኖር ተደረገ። ሦስተኛ፥ እያንዳንዱ መጽሐፍ የማይለወጥ ተራ ቁጥር ተሰጠው። ለምሳሌ የሐይቅ እስጢፋኖሱ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል በዚህ ስብስብ 1832 ቁጥር ተሰጥቶታል። ተመራማሪው በሮም ይሁን በሐምቡርግ ወይም በአዲስ አበባ ይህን ቁጥር ሲጠቅስ ስለ የትኛው መጽሐፍ እንደሚናገር ማንም አይሳሳትም። ቁጥሩ የመጽሐፉ የቤት አድራሻ ሆኖለታል።

ይሁንና ከአድራሻው ሌላ የይዘቱ መግለጫ አስፈላጊ ነበር። ይህን ሥራ ዊልያም ማኮምበር ጀመሩት፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ አስፋፍተው ቀጠሉበት። ፕሮፌሰር ጌታቸው በ1975 በተተኮሰባቸው ጥይት ቆስለው እግሮቻቸው መራመድ ተሳናቸው። ለሕክምና ከአገር ወጥተው በ1976 ወደ ኮሌጅቪል ከተጓዙ በኋላ፥ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው የአገራቸውን መጻሕፍት በፊልም እያነበቡ ለዐሥርተ ዓመታት ሠሩ። በ1988 የማክአርተር ሽልማት ተሰጣቸው፤ በ2021 ዐረፉ። ወደ አገሩ ለመመለስ ያልቻለ ሊቅ የአገሩን መጻሕፍት በባሕር ማዶ ማንበቡ፥ የቅጂ ጉዞ ለሰው ልጅ ምን ሊያደርግለት እንደሚችል የሚያሳይ ነው።

ካታሎጉ ከ1975 እስከ 1993 ባለው ጊዜ በዐሥር ቅጽ ታትሟል። የሚያጠቃልለው ግን የመጀመሪያዎቹን አምስት ሺህ ቁጥሮች ነው። ከዘጠኝ ሺህ በላይ ተነሥተው አምስት ሺህ ብቻ መታተማቸው የሠራተኞቹ ስንፍና አይደለም፤ የሥራው ጠባይ ነው። አንድን መጽሐፍ በፊልም ማንሣት የሰዓታት ሥራ ሲሆን፥ ውስጡን መርምሮ መግለጽ ግን ቀናትን ይወስዳል። ካሜራው ቀድሞ ሄደ፥ ብዕሩ እያዘገመ ተከተለው።

የማይክሮፊልም ጉድለትም መዘንጋት የለበትም። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ በመሆኑ፥ በቀይ ቀለም የተጻፉት የቅዱሳን ስሞችና አርእስተ ነገር ግራጫ መስለው ከቀረው ጽሑፍ ጋር ይመሳሰላሉ። የብራናው ውፍረት፥ የድጉሱ አሠራር፥ የስፌቱ ሁኔታ በፊልም አይታይም። ቅጂ የዋናው ወኪል እንጂ ዋናው አይደለም የምንለውም ስለዚህ ነው።

፫. ስካነሩና ሩቁ ኮምፒዩተር

ምስልን በሽቦ የመላክ ሐሳብ ከኮምፒዩተር ይቀድማል። የስኮትላንዱ ተወላጅ አሌክሳንደር ቤይን በ1843 የፋክስን መሠረተ ሐሳብ በፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ ጆቫኒ ካዜሊ የተባለው ኢጣሊያዊ ደግሞ በ1865 በፓሪስና በሊዮን መካከል የጽሑፍ ምስል በቴሌግራፍ መስመር የሚያስተላልፍ አገልግሎት እንዲጀመር አደረገ። ምስልን ወደ ኮምፒዩተር ያስገባው የመጀመሪያው ስካነር በ1957 በአሜሪካ የተሠራ ነው። ራስል ኪርሽ የሕፃን ልጁን ፎቶግራፍ ወደ መሣሪያው ሲያስገባ፥ ምስሉ በአግድም 176፥ በቁልቁል 176 ነጥቦች ብቻ ነበሩት።

ዛሬ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ተደርጎ ስካን የተደረገ አንድ ኤ4 ገጽ 8.7 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች አሉት። በቀለም ሲሆን ሳይታመቅ 26 ሚሊዮን ባይት ይመዝናል፤ ግራጫ በሌለው ጥቁርና ነጭ ሲሆን ግን ወደ አንድ ሚሊዮን ባይት ብቻ ይወርዳል። መቶ ገጽ ያለው አንድ የሠራተኛ ፋይል በቀለም ሳይታመቅ በሴኮንድ ሁለት ሚሊዮን ቢት በሚያስተላልፍ መስመር ቢላክ፥ መስመሩ ሳይቋረጥ ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ይወስዳል። ሠራተኞቻችን «መስመሩ ደከመ» እያሉ የሚያማርሩት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ስሌት የተነሣ ነው።

ሪሞት ዴስክቶፕ የሚባለው አሠራር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ማይክሮሶፍት ይህን አሠራር በ1998 ባወጣው የሰርቨር ሲስተም አማካይነት በሰፊው አስተዋወቀ። በዚህ አሠራር ፕሮግራሙ የሚሠራው በዋናው መሥሪያ ቤት ባለው ኮምፒዩተር ላይ ነው፤ በቅርንጫፉ ያለው ሠራተኛ የሚያየው የዚያን ኮምፒዩተር ገጽታ ብቻ ነው። ስለዚህ ከፊቱ ጠረጴዛ ላይ ያለው ስካነር ሽቦው የተሰካው በቅርቡ ኮምፒዩተር ላይ በመሆኑ፥ ሩቁ ኮምፒዩተር ስካነሩን አያየውም። አዲስ ሠራተኛ «ስካነሩ አለ፥ ኮምፒዩተሩ ግን የለም ይለኛል» ብሎ የሚደነግጠው ይህን ባለማወቁ ነው።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ስካነሩን ራሱን ለሩቁ ኮምፒዩተር እንዲታይ የሚያደርግ ልዩ ፕሮግራም በሁለቱም ወገን መትከል ነው። ይህ ለሠራተኛው ምቹ ቢሆንም፥ ምስሉ ገና ሳይታመቅ በመስመሩ ላይ ሊጓዝ ስለሚችል በደካማ መስመር ላይ ያስቸግራል፤ መስመሩ ሲቋረጥም ሥራው ከመካከሉ ይቀራል። ሁለተኛው በቅርቡ ኮምፒዩተር ላይ ስካን አድርጎ፥ አሳንሶ፥ በአንድ ፎልደር ካስቀመጡ በኋላ ፎልደሩን ለሩቁ ኮምፒዩተር መክፈት ወይም ፋይሎቹን መላክ ነው። ይህኛው አንድ እርምጃ ቢጨምርም፥ መስመሩ ቢቋረጥ ቅጂው በቅርንጫፉ ስለሚቀር እንደገና ለመላክ ይቻላል። እኛ በምንኖርበት ሁኔታ ይህ ጸሐፊ ሁለተኛውን ይመርጣል። የኮሌጅቪልን ሥራ ላስታወሰ ሰውም ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከሚላከው ሌላ አንድ ቅጂ በመነሻው ይቀራልና።

፬. በገፈርሳ ያጋጠመን ጉዳይ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዋና መሥሪያ ቤቱ በአዲስ አበባ የሆነ አንድ ድርጅት፥ በገፈርሳ አካባቢ ያለው ቅርንጫፉ የቀድሞ ሠራተኞችን ፋይሎች ስካን አድርጎ በዋናው መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር እንዲያስገባ አዘዘ። ሥራው በቅልጥፍና ተከናወነ። ሪፖርቱም የተላኩትን ገጾች ብዛት በኩራት ይገልጽ ነበር። ወረቀቶቹ በማዳበሪያ ጆንያ ታስረው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ገቡ፤ እንዲወገዱም ሐሳብ ቀርቦ ነበር።

ይህ ጸሐፊ የተጠራው አንድ አረጋዊ የጡረታ መብታቸውን ለማስከበር የአገልግሎት ዘመን ማስረጃ በጠየቁ ጊዜ ነው። ፋይላቸው በዋናው መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ውስጥ ለመኖሩ ሁሉም እርግጠኛ ነበር። ነገር ግን ፋይሎቹ ሁሉ ስካነሩ በራሱ በሰጣቸው ተራ ቁጥር ተሰይመው ስለነበር፥ የማንኛው ፋይል የማን እንደሆነ የሚናገር አልተገኘም። ከዚህም በላይ ቀደምቶቹ ፋይሎች በአማርኛ፥ የኋለኞቹ በአፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል የተጻፉ በመሆናቸው የአንድ ሰው ስም በሁለት ፊደል ይገኝ ነበርና፥ ፍለጋው በሁለት ተባዛ። አረጋዊው ከገፈርሳ አዲስ አበባ፥ ከአዲስ አበባ ገፈርሳ ተመላለሱ። በመጨረሻ ከቅርንጫፉ ጠረጴዛ ፊት ቆመው፥ «ልጄ፥ የጠፋው የኔ ወረቀት ነው ወይስ የናንተ ኮምፒዩተር?» አሉ። የሚመልስላቸው አልነበረም።

ፋይሉ ከብዙ ቀን ፍለጋ በኋላ ተገኘ። ሆኖም ሌላ ችግር ታየ። የቅጥራቸው ቀን በፊት ገጹ ላይ ደብዝዞ ነበር፤ በኋላ የተሰጠው ማረጋገጫና ማኅተም ያለው ደግሞ በወረቀቱ ጀርባ ላይ ነበር። ስካነሩ የፊቱን ገጽ ብቻ ወስዷል። በመጨረሻ ያዳናቸው በመዝገብ ቤቱ ለብዙ ዘመን ያገለገሉ አንዲት ሠራተኛ ናቸው። «እትዬ፥ እስቲ የድሮውን መዝገብ ይዩልን» ተብለው ሲጠየቁ፥ የገቢ ደብዳቤ መዝገቡን ገልጠው የፋይሉን ቁጥር አገኙ፤ ጆንያው ተፈትቶም ዋናው ወረቀት ወጣ። የማስወገዱ ሐሳብ ጸድቆ ቢሆን ኖሮ የአንድ ሰው የሥራ ዘመን በማስረጃ ዕጦት በቀረ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ መሣሪያው ምንም ጥፋት አልሠራም። ስካነሩ የታዘዘውን አነሣ፤ መስመሩ የተሰጠውን አደረሰ። የጎደሉት ከላይ በታሪክ ያየናቸው ነገሮች ናቸው። አድራሻ አልተሰጠም፤ መግለጫ አልተጻፈም፤ በጀርባና በኅዳግ ያለው ተዘነጋ፤ ዋናውም ቅጂው ስላለ ዋጋ እንዳጣ ተቆጠረ።

ይህ ጉዳይ ለአካባቢው ትልቅ ትርጉም አለው። ቡራዩ፥ ሰበታ፥ ሱሉልታና ሌሎችም አጎራባች ከተሞች በ2015 ዓ.ም ሸገር ከተማ በተባለ አንድ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል፤ የገፈርሳም ስም ገፈርሳ ጉጄ በተባለው ክፍለ ከተማ ይጠራል። አስተዳደር ሲዋሐድ መዝገብ ቤትም መዋሐዱ አይቀርም። ፋይል ከነበረበት ስፍራ ወደ ሌላ በሚዛወርበት ጊዜ፥ ቀድሞ የማን መሥሪያ ቤት ሰነድ እንደነበረ ሳይመዘገብ ከተደባለቀ፥ ኮምፒዩተር የደባለቅነውን መልሶ አይለይልንም።

፭. ሩቁ ኮምፒዩተር በሩ ሲዘጋ

የመጨረሻው ትምህርት ከወደ ለንደን የመጣ ነው። ከመቅደላ የተወሰዱትን ጨምሮ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት የያዘው የብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት፥ ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹን በዲጂታል አንሥቶ በኮምፒዩተር መረብ አማካይነት ለዓለም አንባቢ ከፍቶ ነበር። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ የመቅደላን መጻሕፍት በአዲስ አበባ ተቀምጦ ማንበብ መቻሉ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን በጥቅምት 2023 በቤተ መጻሕፍቱ የኮምፒዩተር ሥርዐት ላይ ወንጀለኞች ከባድ ጥቃት ስላደረሱ፥ በዲጂታል የተነሡት የእጅ ጽሑፎች ለብዙ ወራት ከአንባቢ ተሰወሩ። ቅጂውን በራሱ ዘንድ ያላስቀመጠ ሁሉ ባዶ እጁን ቀረ።

በአንጻሩ፥ በሩቅ የሚቀመጥ ቅጂ አያስፈልግም ማለትም ስሕተት ነው። የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ከ2009 እስከ 2015 ባካሄደው ሥራ በምሥራቅ ትግራይ የሚገኙ አብያተ ክርስቲያናትንና ገዳማትን መጻሕፍት በዲጂታል አንሥቷል። በ2020 የተነሣው ጦርነት በትግራይ በሚገኙ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ላይ ጉዳት ባደረሰ ጊዜ፥ አስቀድሞ የተነሣ ምስል መኖሩ ምን ያህል መጽናኛ እንደሆነ መናገር አያሻም። እሳትና ጦርነት የመነሻውን፥ ወንጀለኛና የተቋረጠ መስመር የመድረሻውን ቅጂ ሊያጠፉ ይችላሉ። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ማጠቃለያ

ከብሩስ ቅጂዎች እስከ ገፈርሳው ስካነር ድረስ ያለው ታሪክ የሚያስተምረን አንድ ነገር ነው። መላክ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ክፍል ነው፤ በየዘመኑም እየቀለለ ሄዷል። ያልቀለለው የመዝገብ ሠራተኛው ድርሻ ነው።

ስለሆነም የሙያ ባልደረቦቻችን በየመሥሪያ ቤታቸው የሚከተለውን ልማድ እንዲያደርጉ በማክበር እናሳስባለን። ስካነሩ ከመከፈቱ በፊት ፋይሉ ቋሚ ቁጥር ይሰጠው፤ የባለቤቱ ስምም ፋይሉ በተጻፈበት ፊደልና ቋንቋ ሁሉ ይመዝገብ። የወረቀቱ ፊትም ጀርባም፥ ባዶ የሚመስለውም ገጽ ይነሣ። አንድ ቅጂ በመነሻው ይቅር። በሩቁ ኮምፒዩተር የደረሰው ተከፍቶ፥ ገጹ ተቈጥሮ፥ ከዋናው ጋር ሳይመሳከር «ተልኳል» ተብሎ ሪፖርት አይደረግ። ዋናው ወረቀትም ሕግና ሙያ ሳይፈቅዱ ከጆንያ ወደ እሳት አይሂድ።

የገፈርሳው አረጋዊ ለጠየቁት ጥያቄ ተገቢውን መልስ የሚሰጥ መሣሪያ አይደለም። መልሱን የሚሰጠው መዝገቡን በሥርዐት የያዘ ሠራተኛ ነው። ያቺ የገቢ ደብዳቤ መዝገብ ዛሬም በቅርንጫፉ መደርደሪያ ላይ ትገኛለች፤ ከዚያ ወዲህ የሚነሡት ፋይሎችም በርሷ ቁጥር ይሰየማሉ።